ኮፍያቸውን ሲያወልቁ

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ፉሪ፣ ዳገቱ ሥር፣ ኳስና ፊልም በሚያሳይ አንድ ዲሽ ቤት ውስጥ ሻይ እሸጥ ነበር። ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጬ፣ የቀረውን ከጋዜጣ ቁራጭና ከመድኃኒት ካርቶን ላይ እየለቀምኩ ነው ያሟላሁት። ዕድሜዬን ያስቀደምኩት ላሳብብበት ብዬ አይደለም። ሃያ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው እውነት ለመናገር ደርሷል። እኔ ግን ዝም አልኩ፤ በዝምታዬም ወንድሜን ከነነፍሱ ልቀብረው ነበር።

ባለፈው ኅዳር፣ አሁን ከምኖርበት ብስራተ ገብርኤል፣ ወንድሜ ጌቱ ደወለልኝ።

«አስቱ» አለኝ፣ «ጋሽ ተካልኝ አረፉ።»

መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የመጣው ፊታቸው አይደለም። ኮፍያቸው ነው። ያቺ ቡናማ የሱፍ ኮፍያ ከራሳቸው ላይ ስትነሳ ታየችኝና፣ በጠራራ ፀሐይ ብርድ ብርድ አለኝ።

ጋሽ ተካልኝ የዲሽ ቤቱ አስተርጓሚ ነበሩ። ኳስ ባለበት ቀን ቤቱ የጎረምሶቹ ነው፤ አይገቡበትም። ኳስ በሌለበት ቀን ግን ከፍላሽ አሮጌ የካውቦይ ፊልም ይከፈታል፣ ድምፁ ዝቅ ይደረጋል፣ እሳቸው ማይክ ይዘው ከስክሪኑ አጠገብ ይቆማሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገታቸው እንደ አውራ ዶሮ የሚሰገግ ሽማግሌ ነበሩ። ሽፍታው በሳቸው ድምፅ ያቅራራል፣ ሴትዮዋ በሳቸው ድምፅ ታለቅሳለች። ፈረሱ ራሱ ያለ ጋሽ ተካልኝ አያስነጥስም ነበር።

ታዲያ አንድ ልማድ ነበራቸው። ፊልሙ ውስጥ ያለ ሰው ሊሞት ሲል፣ ከመሞቱ ቀደም ብለው፣ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። ሰውዬው ገና እየሳቀ ነው፤ እየበላ ነው፤ ሽጉጥ የያዘ ሰው ገና አልመጣም። እሳቸው ግን ማውራታቸውን ሳያቋርጡ ኮፍያዋን ቀስ አድርገው አንስተው ደረታቸው ላይ ይለጥፏታል። ቤቱ ጭጭ ይላል። በኋላ በኋላ ሰው ስክሪኑን ትቶ ኮፍያዋን ሆነ የሚያየው።

«ኧረ ጋሼ፣ ይልበሷት!» ይላል አንዱ ከኋላ፣ «ይሄ ልጅ ደግ ነው እኮ!»

«ምን ላድርግልህ ልጄ» ይላሉ በማይኩ፣ «ቀኑ ነው።»

እኔ የሻይ ብርጭቆ ይዤ ስንት ጊዜ መሐል ቤት ቆሜ እንደቀረሁ እግዜር ይወቀው። ፊልሙን አስር ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ማን እንደሚሞት አውቃለሁ። የሚያስፈራኝ ሞቱ አይደለም። ሰውዬው ኮፍያዋን አለማየቱ ነው።

ከፊልሞቹ ሁሉ የቤቱ ሰው የሚመርጠው አንድ ነበር። ጥንት የጠፋ የወርቅ ጉድጓድ አለ፤ የት እንዳለ የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ አለ፤ ሽማግሌው ሲሞት ወሬው ሾልኮ ይወጣል። ከዚያ ሽፍታው፣ ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ ሃይማኖተኛው ሳይቀር ተከታትለው ወደ በረሃው ይገባሉ። መንገድ ላይ አንድ በአንድ ይጫረሳሉ። መጨረሻ ላይ ተራራው ይናድና ወርቁንም ሰዎቹንም ይውጣል። የዚያን ቀን ጋሽ ተካልኝ ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አያደርጓትም፤ ፊልሙን በመላጣቸው ነው የሚጨርሱት።

«ወርቅ ሲያዩት ቢጫ ነው» ይሉ ነበር ሲያበቃ፣ «ሲያስቡት ቀይ ነው። ሂዱ አሁን፣ እግዜር ከማሰብ ያውጣችሁ።»

እንግዲህ የእኔን ምስጢር ልንገራችሁ። ድምፅ ማጉያው ከሻይ ጠረጴዛዬ ጎን ነበር፤ ዝቅ ያለውን እንግሊዝኛ ከቤቱ ሁሉ የምሰማው እኔ ነኝ። ከአንድ ያረጀ መዝገበ ቃላት ላይ በየቀኑ አምስት አምስት ቃል አጠና ነበር። አንድ ቀን ያ ሽማግሌ በበረሃው መሐል ጋደም ብሎ ሲናገር ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። «ውሃ የለም፣ ተመለሱ» ነው የሚለው። ጋሽ ተካልኝ በማይኩ፣ «ልጆቼ፣ ወርቁ ከግራሯ ሥር ነው! ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥላዋ በሚያርፍበት ቆፍሩ!» አሉ።

ሰው ሲወጣ ጠጋ አልኳቸው።

«ጋሼ፣ ሰውዬው እኮ ውሃ የለም ነው ያለው።»

ማይኩን በጨርቅ እየጠቀለሉ ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ የሌባ ድንጋጤ አየሁ። ወዲያው ደግሞ ፈገግ አሉ።

«ውሃ በሌለበት ወርቅ አለ፣ አስቱዬ። ዝም በይ።»

ዝም አልኩ። ለምን አልልም? ወጣት ሆነው ከነጮች ጋር መንገድ ሥራ ላይ እንደሠሩ፣ እንግሊዝኛውን ከዚያ እንዳመጡት ሰፈሩ ሁሉ ያምናል። ልጅ የላቸው፣ ሚስት የላቸው። ያላቸው ያ እንግሊዝኛ ነው። እሱ ደግሞ አልነበረም።

ሰው እንዲገባው ብለው ፊልሙን ሁሉ ወደ ሰፈራችን ያመጡት ነበር። በረሃውን ሲያሳይ፣ «ይህን ከፉሪ ማዶ ያለውን ሜዳ በሉት» ይላሉ። ገደሉን ሲያሳይ፣ «ይህቺ ድንጋይ የሚፈለጥባት አሮጌዋ ካባ ናት» ይላሉ። በወጣትነታቸው እዚያ ካባ ድንጋይ ፈልጠዋልና ስንጥቁን ሁሉ ያውቁታል። ካባው ጀርባ፣ ጥቁር አፈሩ ላይ፣ ብቻዋን የቆመች አንዲት ግራር አለች። ፊልሙ ውስጥ ግራር የለም። ጋሽ ተካልኝ ናቸው የተከሏት።

ይህ ሁሉ ባልጎዳ። አንድ ቀን ግን ቤቱ ጢም ብሎ ሲያዩ ሞቅ አላቸውና፣ «ይህ ወርቅ ጣልያን ሲወጣ ቀብሮት የሄደው ነው!» ብለው ጨመሩ። እኛ አገር ጣልያን ወርቅ ያልቀበረበት ኮረብታ የለም፤ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ሣጥን አለው። ቤቱ ሳቀ። ሁለት ሰዎች ግን አልሳቁም። አንዱ በያጁ ሙሌ ነው። ሌላው ወንድሜ።

ጌቱ ሚኒባስ ይነዳ ነበር፤ የመኪናው ባለቤት ሲሸጠው ሥራ ፈታ። ወንድ ልጅ ሥራ ሲፈታ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ልክ እንደ እንግዳ። እማዬ ወጥ ስታወጣለት አያያትም። እና በዚያ ሰሞን ድንገት ጠዋት ጠዋት መውጣት ጀመረ። እጁ ቆሰለ። ጫማው ላይ ጥቁር ጭቃ። ሥራ አገኘ ብለን ደስ አለን፤ እማዬማ ስለት አስገባች።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ቶላ ወደ ሻይ ጠረጴዛዬ መጣ። ቶላ የካባው ጀርባ ያለው እርሻ የአያት የቅድመ አያቱ የሆነ፣ ከነጌቱ ጋር ያደገ ልጅ ነው። አልተቀመጠም።

«አስቱ፣ ወንድምሽን አስወጪው» አለኝ።

«ከየት?»

«ከጉድጓዱ። ግራሯ ሥር እየቆፈሩ ነው፣ እሱና ሙሌ። እኔም አብሬ ነበርኩ፤ ትናንት ተውኩት። ይሄ አፈር ክረምት ሲነኩት ይነክሳል፤ አያቴ የሞተ በሬ መቅበሪያ እንኳ አያስቆፍርም ነበር በሐምሌ። ሁለት ሰው ቁመት አልፈዋል።»

ብርጭቆውን ያስቀመጥኩት መስሎኝ ነበር፤ ወለሉ ላይ ነው የሰማሁት።

«ሌላም አለ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ተፈራርተዋል። ጌቱ ‹ከወጣሁ ሙሌ ገብቶ ወርቁን ያገኘዋል› ብሎ አይወጣም። ሙሌ ‹ከወረድኩ ጌቱ ወጥቶ መሰላሉን ይስብብኛል› ብሎ አይወርድም። ድጅኖ ይዞ አፋፉ ላይ ቆሟል። ዛሬ ሁለት ቀናቸው ነው።»

ጌቱ ለእማዬ ሻሸመኔ ጭነት ይዤ ሄድኩ ብሏት ነበር።

ጋሽ ተካልኝ ቤት የደረስኩት እየሮጥኩ ነው። ሰማዩ ከሰዓት በኋላውን ሊዘንብ ጠቁሯል። በራቸው ላይ ተቀምጠው ሬዲዮናቸውን እየጠገኑ ነበር። ነገርኳቸው። ነገሬን ሳልጨርስ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«የትኛዋ ግራር?» አሉኝ።

«የእርስዎ ግራር ነቻ ጋሼ!»

ተነሡ። ከዘራቸውን ፈለጉ፤ እጃቸው ላይ ነበር። ዳገቱን ስንወጣ ሁለት ጊዜ ቆሙ፤ ለመተንፈስ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ግን ለመመለስም ነበር። ሁለተኛው ላይ፣ «አስቱዬ፣ ከነገርኳቸው በኋላ በየት በኩል ነው ሰፈር የምገባው?» አሉኝ። ወንድሜ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ የማስበው እሱን ብቻ ነው። እጃቸውን ይዤ ጎተትኳቸው። ይህን ሳልጽፈው ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር።

ካባውን ዞረን ስንደርስ መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ከሥር የሚመጣ ነው። ዱብ። ዱብ። እንደ ልብ ምት። ከዚያ ሙሌን አየሁት። ጢሙ አድጓል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ድጅኖውን እንደ ጦር ተደግፎታል። ሙሌ እኔን ሲያይ ሁልጊዜ «አስቱካ፣ ሻይሽ ቀጥኗል» ብሎ የሚቀልድ ልጅ ነበር። አሁን እንደማያውቀኝ አየኝ።

«ማነው? ማን ነገራችሁ?» አለ። «ጌቱ! ሰው አስጠርተሃል? ከኔ ደብቀህ?»

«ማንንም አልጠራሁም!» አለ የወንድሜ ድምፅ ከመሬት ውስጥ። ዝገት የበላው ድምፅ።

አፋፉ ላይ ተንበርክኬ አየሁ። ጉድጓዱ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ጥቁር፣ እርጥብ፣ የሚያብለጨልጭ። ከሥር ጌቱ በጭቃ ተለውሶ የሰው ቅርጽ ጠፍቶበታል። የባሕር ዛፍ መሰላል ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ከግድግዳው ትንንሽ ጓል እየተላቀቀ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ጌቱ ትከሻው ላይ ሲያርፍ አያራግፈውም።

«ጌቱዬ ውጣ!» አልኩ። «በእማዬ ሞት ውጣ!»

«ቀርቤያለሁ፣ አስቱ። ሂጂ።»

ጋሽ ተካልኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ማይክ የያዙ ይመስል እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱና መልሰው አወረዱት።

«ልጆቼ፣ ስሙኝ» አሉ። «እኔ እንግሊዝኛ አልችልም።»

ዱቡ ቆመ።

«ከነጮቹ ጋር የሠራሁት ዘበኛ ሆኜ ነው። ‹የስ› እና ‹ኖ› ነው የማውቀው፤ እሱንም አንዳንዴ አቀያይረዋለሁ። ፊልሙ ውስጥ ግራር የለም። ጥላ የለም። ጣልያን የለም። ሃያ ዓመት ያወራሁት ሁሉ ከራሴ ነው። ይኸው። አሁን ውጡ።»

ተንፈስ አልኩ። አለቀ ብዬ። ሰው ይህን ያህል ራሱን አዋርዶ ከነገራቸው ምን ቀራቸው?

የሙሌ ከንፈር ቀስ ብሎ ተከፈተ፤ ሲስቅ አየሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ሳቅ የፈራሁት ነገር የለም።

«ጌቱ፣ ሰማህ?» አለ። «ከፊልሙ አይደለም አለ። ከራሴ ነው አለ! ሽማግሌው እዚህ ካባ ሠርቷል። ያውቃል! ድሮም ያውቃል!»

እውነቱን ተናገሩ፤ እውነቱ ደግሞ እሳቱ ላይ ጋዝ ሆነ። ከሥር ዱቡ እንደገና ጀመረ፣ አሁን ፈጠን ብሎ። ሙሌ ድጅኖውን በግራ እጁ ይዞ በቀኙ የጋሽ ተካልኝን የኮት አንገት ጨበጠ። ሙሌ፣ «ጋሼ» እያለ ውሃ የሚያቀብላቸው ሙሌ።

«አሳየኝ!» አላቸው። «የት ጋ ነው? ግራ ነው ቀኝ? አንተ ሽማግሌ፣ ተናገር!»

«ሙሌ፣ አባትህ ይሆናሉ እኮ!» ብዬ ጮህኩ። አልሰማኝም። ጠብታ ጀመረ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ግንባሬን ሲመታኝ ጥይት መስሎኝ ቁጢጥ አልኩ።

ጋሽ ተካልኝ አልታገሉም። በሙሌ ትከሻ ላይ አሻግረው ጉድጓዱን አዩ፤ ግድግዳውን፣ ጓሉን፣ ውሃው ከአፋፉ መንጠባጠብ መጀመሩን። ድንጋይ ሲፈልጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እኔ ያላየሁትን አይተዋል። ከዚያ እጃቸው ተነሣ።

ኮፍያቸውን አወለቁ።

«አይ፣ ጋሼ» አልኩ፤ «አይ፣ ይልበሷት። ይልበሷት እባክዎ።» እንደ ፊልም ቤቱ ልጆች። ጌቱ ከሥር አያይም። ሊሞት ያለው ሰው ኮፍያዋን አያያትም፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው።

ኮፍያዋን ለእኔ ሰጡኝ። «ያዢልኝ» አሉ። ሙሌን ደግሞ፣ «ቦታውን ላሳይህ፣ ልቀቀኝ» አሉት። ለቀቃቸው። ከዘራቸውን ጥለው መሰላሉን ያዙ፤ ወረዱ። ሰባ ያለፋቸው ሰው፣ እግራቸው እያንዳንዷን እርከን እየዳበሰ። የኮታቸው ጫፍ ግድግዳውን ሲነካ ጓል ይወርዳል። እኔ ኮፍያዋን በጥርሴ ነክሻለሁ።

ከሥር ንግግራቸውን ሰማሁ። ድምፃቸው የፊልም ድምፅ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀው፣ ዝግ ያለ የቤት ድምፅ ነው።

«ጌቱ፣ ልጄ። ስንት ቀን አልተኛህም?»

«ጋሼ፣ ከወጣሁ ሙሌ ይገባል።»

«እኔ እዚህ እቆማለሁ። ማንም አይገባም። አንተ ወጥተህ ውሃ ጠጣ፣ እናትህን አይተህ ተመለስ። ወርቅ ካለ ስትመለስ ላዩ ላይ እንደቆምኩ ታገኘኛለህ። በዚህ ጉልበቴ ወርቅ ይዤ የት እሮጣለሁ?»

ዝናቡ ይሰማ ነበር።

«አይሰርቁኝም?» አለ ወንድሜ። ጌቱ ሠላሳ ዓመቱ ነው ያን ጊዜ። የተናገረው ግን እንደ ሕፃን ነው።

«ምን ጊዜ ሰረቅኩህ? ዋሸሁህ እንጂ።»

መሰላሉ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የጌቱ ራስ ወጣ፣ ትከሻው ወጣ። ሸሚዙን በሁለት እጄ ጨምድጄ ሳብኩት። ጉልበቱ አፋፉን እንደነካ መሬቱ ተነፈሰ። ሌላ ቃል የለኝም፤ ከባድ ሰው ተኝቶ እንደሚተነፍሰው። የወዲያኛው ግድግዳ ተገምሶ፣ ሳይቸኩል፣ ወረደ።

ድምፃቸው አልተሰማም። መሰላሉ ጫፉ ብቻ ቀረ።

ከዚያ የሆነውን በቅደም ተከተል አላስታውስም። ድጅኖውን ወርውሮ ቀድሞ የዘለለው ሙሌ መሆኑን አስታውሳለሁ። «ጋሼ! ጋሼ!» እያለ በእጁ ይቧጥጣል። ጌቱ ይቧጥጣል። እኔም እቧጥጣለሁ፤ ጥፍሬ መነቀሉን በማግስቱ ነው ያየሁት። ቶላ ከዘመዶቹ ጋር አካፋ ይዞ ደረሰ። ያን ሰዓት የዛቅነውን ጭቃ ያህል እነጌቱ በሁለቱ ቀን አልቆፈሩም። መጀመሪያ መላጣቸው ወጣ፤ ከዚያ አፋቸው። አፋቸው ውስጥ ያለውን ጭቃ ጌቱ በጣቱ ጠርጎ አወጣ። ሳሉ። የዚያ ሳል ነገር! እስካሁን ሰው በስተኋላዬ ሲያስል ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ይመጡብኛል።

ዳኑ። ቀኝ እግራቸው ግን ከጉልበት በታች ተቀጠቀጠ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ሁለት ምርኩዝ አልቆሙም፤ ማይክም አልያዙም። ሰፈሩ ጥቂት ቀን ሳቀ፤ «የየስና የኖ አስተርጓሚ» ተባሉ። እየሄድኩ ልብሳቸውን ሳጥብ አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦

«ሃያ ዓመት ዋሸሁ፤ ሰው ሁሉ አመነኝ። አንድ ቀን እውነት ተናገርኩ፤ ዘለው ሊበሉኝ። እስቲ አንቺ ተርጉሚልኝ ይህን፣ እንግሊዝኛ ታውቂያለሽ።»

ኮፍያዋን መልሼላቸው ነበር። ቤት ውስጥም ቢሆን አያወልቋትም ነበር። እንግዳ ሲገባ እጃቸው ወደ ራሳቸው ከሄደ እኔ በድንጋጤ እነሣለሁ። እሳቸው ራሳቸውን አክከው ይስቁብኛል፤ «አይዞሽ፣ ቅማል ነው» ይሉኛል።

የሚያስፈራኝ ግን ያ ጉድጓድ አለመዘጋቱ ነበር። «ሽማግሌው ‹ከራሴ ነው› አሉ» የሚለው ወሬ ከነፋስ ስልክ እስከ ቆሼ ወረደ። በየበጋው ከማናውቀው ሰፈር ሰዎች ዶማ ይዘው ይመጣሉ፤ ቶላ ያባርራል፤ ሌሎች ይመጣሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር፣ የማላውቀው የሰው ልጅ እዚያ ውስጥ ሆኖ ይታየኝ ነበር።

ጋሽ ተካልኝ ኅዳር ላይ ተኝተው ሳሉ አረፉ። ስንደርስ ኮፍያዋ ራስጌያቸው፣ ወንበሩ ላይ ነበረች። ማታ ራሳቸው ናቸው ያወለቋት።

ቀብራቸው ባለፈ በሦስተኛው ቀን ጌቱ ከእድራችን አካፋ ተውሶ ወደ ካባው ወጣ። ዳግም ሊቆፍር መስሎኝ ተከተልኩት። አፈሩን ወደ ውስጥ ነበር የሚመልሰው። በሁለተኛው ቀን ሙሌ ባሬላ ይዞ መጣ፤ ሰላም አልተባባሉም፤ ጎን ለጎን ሠሩ። አሥራ አንድ ቀን ፈጀባቸው። ጌቱ መጨረሻ ላይ መሬቱን በእግሩ ረገጠ፤ ወደ ቤት ተመለሰ፤ አካፋውን አጥቦ ለእድሩ አስረከበ።